ተራራው ባዶ አልነበረም



ይህ ጽሑፍ ለክርክር የተጻፈ ነው። ሰሞኑን የስሜን ተራራ ፊልም በስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ መጠለያው ገብቷል፤ እኛም ካምፓላ ያለነው አይተነዋል። ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ፣ ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ፣ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ፊልሙ ያምራል፤ አንክድም። ያልወደድነው ከፊልሙ በኋላ የተከተለውን ንግግር ነው። «እዚያ የነበረው አራሽ ከተነሣ ወዲህ ተራራው እፎይ አለ፤ ቀድሞም ያጠፋው እሱ ነበር» የሚሉ ወንድሞች ተነሥተዋል። ይህን የሚሉት ባዕዳን ቢሆኑ ባልደነቀን። ዳሩ ግን የሚሉት ከቀያቸው ተነቅለው፣ በሰው አገር በተቆረሰላቸው ቁራጭ መሬት ላይ ሸራ ወጥረው የሚኖሩ የገዛ ወገኖቻችን ናቸው። ብዕር ያነሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስፍረናል፤ ያለንበት አገር ወረቀት ሁሉ በዚያ ስለሚሄድ ነው እንጂ የራሳችንን ቁጥር ንቀን አይደለም።

ለመሆኑ የተነሣው ሰው ማን ነበር? ነገሩ ስለ ግጭ መንደር ነው። ግጭ በስሜን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል 3,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ከጅንባር ወንዝ በላይ የነበረ መንደር ነው። አገሩ ውርጭ ነው፤ ከገብስ በቀር እምብዛም የሚበቅልበት የለም። ሰዉ ገብሱን ዘርቶ፣ በጉን አርብቶ፣ ቤቱን በጓሳ ሣር ከድኖ ይኖር ነበር። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ደግሞ በቅሎ ጫኚ፣ መንገድ መሪ፣ ምግብ አብሳይ ሆኗል። የግጭ ሰው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በዙሪያው ያሉት መንደሮች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ከሁሉም ጋር ደግሞ ስሜን የቤተ እስራኤል የቆየ አገር ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ተራራ ላይ ሲኖር ማንም ብቻውን አልኖረም። ከውርጩ ገብስና በግ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከአዲ አርቃይና ከጠለምት በኩል የቆላው እህል ይወጣል። ጃናሞራ፣ በየዳና ደባርቅ በአንድ የአህያ መንገድ የተሳሰሩ ነበሩ። የአንዱ መንደር መነሣት ለሌላው የጎረቤት ሞት ነው። ይህን ከፊልሙ ላይ ማየት አይቻልም። ሰው የሌለበት ፊልም ስለ ጎረቤት ምን ይነግረናል?

እስቲ ታሪኩን በቅደም ተከተል እንየው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዱር እንስሳ ሊቃውንት ከአውሮፓ መጥተው ዋልያ ሊጠፋ ነው አሉ። ይህ እውነት ነበር፤ ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፣ ቁጥሩም ያን ጊዜ እጅግ አንሶ ነበር። በ1969 ስሜን በአዋጅ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1978 የዓለም ቅርስ ተብሎ በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። በዚያው ዘመን አካባቢ በደርግ ሥልጣን በሰሜኑ ገደል ሥር የነበሩ መንደሮች በጉልበት እንዲነሡ ተደረገ። በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን «በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ብሎ መዘገበው፤ ከአደጋው መዝገብ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለውን የሰውና የከብት ጫና መቀነስ ነበር። በ2016 ግጭ ተነሣ። ከ2,000 በላይ ሰዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ሄዱ። በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ፤ ደስታም ሆነ።

ፍትሕን ለመጠበቅ የባለሥልጣኖቹንም ቃል እንጻፍ። በፈቃድ ነው የተነሡት፣ ካሣ ተከፍሏቸዋል፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸዋል ይላሉ። ገንዘብ መከፈሉ እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬ ገንዘብ ይዞ ከተማ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ገብስ ዘሪ ደባርቅ ላይ ገብስ ገዢ ይሆናል። በጉን ሸጦ ቆርቆሮ ይገዛል፤ ቆርቆሮው ግን በዓመቱ አይወልድም። ልጁ በቀን ሥራ ይሰለፋል። ስለ ፈቃድም ቢሆን ጥያቄ አለን፦ ከዓመት ዓመት «ትነሣላችሁ» እየተባለ ማሳው የተከለከለ፣ ግጦሹ የታጠረበት ሰው በመጨረሻ «እሺ» ቢል ያ እሺታ ምን ዓይነት እሺታ ነው? እዚህ ካምፓ ውስጥ በፈቃዱ የመጣ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ከኢትዮጵያ ሁለት ነበሩበት፦ ላሊበላና ስሜን። ላሊበላ የገባው በባህል ቅርስነት ነው፤ የሰው እጅ የሠራው ድንቅ ነው ተብሎ። ስሜን የገባው በተፈጥሮ ቅርስነት ብቻ ነው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ መዝገብ፣ አንዱ ተራራ ሰው ያነጸው ተባለ፣ ሌላው ተራራ ሰው የሌለበት ተደርጎ ተጻፈ። ገብሱን የዘራው፣ ጓሳውን ያጨደው፣ የአህያ መንገዱን በገደሉ ወገብ የቆረጠው ሰው በወረቀቱ ላይ «ጫና» የሚል ስም ወጣለት። የእኛ ክርክር መነሻ ይህች ቃል ናት። ሰውን ጫና ብሎ የጻፈ ሁሉ፣ ቀኑ ይርዘም እንጂ፣ አንድ ቀን ጫናውን ማራገፉ አይቀርም።

ደግሞ ተመልከቱ፤ ያው ዩኔስኮ በ2011 የኮንሶን እርከን በባህል መልክዓ ምድርነት መዘገበ። ገበሬው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ተራራውን አቆመ ተብሎ ተመሰገነ። በዚያው በ2011 በደቡብ ፈረንሳይ ያሉት የኮስና የሴቬን ተራሮች ተመዘገቡ፤ ምክንያቱም የበግ እረኞቹ መሬቱን በግጦሽ ስላኖሩት ነው። ጊዮም ብላን የሚባል ፈረንሳዊ የታሪክ ሊቅ ይህን ከስሜን ጋር አነጻጽሮ መጽሐፍ ጽፏል፤ በ2020 ታትሟል። ስለዚህ የፈረንሳይ እረኛ በጉን ሲያግጥ ቅርስ ይጠብቃል፤ የግጭ እረኛ በጉን ሲያግጥ ቅርስ ያጠፋል ማለት ነው። በጉ ግን ያው በግ ነው።

ወንድሞቻችን በዚህ ላይ «ኢትዮጵያ ቀድሞ መቶ እጅ 40ው ደን ነበር፤ ገበሬው ጨርሶት 4 ደረሰ» የሚለውን ቁጥር ያመጣሉ። ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ይህ ቁጥር ግን ማን እንደለካው፣ መቼና በምን እንደለካው በውል የሚያሳይ መሠረት የለውም። ጄምስ ማካን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ በ1990ዎቹ ይህንኑ መርምሮ የደን ታሪካችን ከዚያ ቁጥር እጅግ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይቷል፤ ደን የጠፋበት ቦታ እንዳለ ሁሉ ገበሬው ዛፍ ያበዛበት ቦታም አለ። እኛ ደን አልተመነጠረም አንልም። አፈር አልታጠበም አንልም። የስሜን አቀበት ታርሶ አፈሩ ወደ ተከዜ መሄዱን የስዊስ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለክተው ጽፈዋል፤ የአገሩም ገበሬ ያለ መለኪያ ያውቀዋል፣ ድንጋዩ በየዓመቱ ከማሳው ሲወጣ የሚያየው እሱ ነውና። የምንለው ሌላ ነው። በሽታ ያለበት ሰው ይታከማል እንጂ ከቤቱ አውጥተው ቤቱ ዳነ አይሉም።

የሚታከምበት መንገድ አልነበረም እንዳይባል መንዝን እንጥቀስ። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ የውርጭ አገር ነው፤ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለው። ይህን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው የአገሬው ሕግ ነው፤ የቀሮ ሥርዓት ይባላል። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበር። አባ ቀራና አፈሮ የሚባሉ ሹሞች በየወገናቸው ይመረጣሉ። ሜዳው ይዘጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ሊዘጋ ይችላል። ጓሳው ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል፤ ዝናቡ ሲመለስ ይዘጋል። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። ጠባቂው ባለ መሣሪያ ዘበኛ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። በ1975 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ የቀሮ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። (የመሬት አዋጁን የምንጠላ እንዳይመስላችሁ፤ ከመካከላችን የጭሰኛ ልጆች አለንበት። ግን አዋጅ ሁሉ አንድ በትር ይዞ ሲመጣ መልካሙንም መጥፎውንም አብሮ ይመታል።) ሕዝቡ ግን ነገሩን አልተወውም፤ በገበሬ ማኅበሩም በኋላም በሌላ መልክ አቆየው፣ ዛሬ ጓሳ የሕዝብ ጥብቅ ቦታ ነው። ቀበሮው አለ፣ ሰዉም አለ።

ታዲያ ስሜን ላይ ይህን የመሰለ ነገር ለመትከል ስንት ዓመት ነበረ? ከ1969 እስከ 2016 አርባ ሰባት ዓመት። አንድ ትውልድ ተወልዶ አርጅቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን የግጭን ሽማግሌዎች ሰብስቦ «ይህን ሜዳ እናንተ ዝጉት፣ እናንተ ክፈቱት፣ ከቱሪስቱ ገንዘብ ይህን ያህሉ የእናንተ ነው» ማለት ከመቅዘፊያ ከባድ ሥራ አልነበረም። የተደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም፣ ደርግም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም በሌላው ሁሉ ሲጣሉ በዚህ ተስማምተዋል።

ከተነሡስ በኋላ? በ2019 የጸደይ ወራት የስሜን ሜዳ በእሳት ተያያዘ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ድረስ እሳቱን በቅጠል የመታው ማን ነበር? የዙሪያው ገበሬ ነው። ያው «ጫና» የተባለው። ቀጥሎ በ2020 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፣ በ2021 አዲ አርቃይና ዳባት የጦር ሜዳ ሆኑ፣ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ቀጠለ። ከ800 በላይ ተቆጥሮ የነበረው ዋልያ በ2024 ቆጠራ ወደ 300 ገደማ መውረዱ ተነገረ። እስቲ ወንድሞች፣ ይህን በግጭ በግ ታሳብቡታላችሁ? በጉ በ2016 ተሽጧል። ዋልያን የጎዳው ጠብመንጃና የጠብመንጃ ዘመን ነው፤ ሰው የሌለበት ተራራ ላይ ደግሞ ጠብመንጃ የያዘን «ወዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚያው ጦርነት ከማይ ጸብሪ መጠለያ የሸሹ ኤርትራውያን ስደተኞች ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ላይ ሰፈሩ። የስሜን ግርጌ ራሱ እንደ እኛ ያለ መጠለያ ሆነ ማለት ነው። በፊልሙ ላይ ይህም የለም።

ይህ የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ያለንበትን አገር ተመልከቱ። በምሥራቅ ኡጋንዳ በኤልጎን ተራራ ላይ ቤኔት የሚባሉ ሰዎች አሉ። በ1983 ከጫካው ወጥተው 6,000 ሄክታር ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በ1993 ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ የሰፈሩበትም መሬት ወሰኑ እያከራከረ ቀረ። እነሱ ግን ዝም አላሉም። በ2005 የምባሌ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአገሩ ነባር ነዋሪዎች መሆናቸውን አጸደቀላቸው። ከዚያ በኋላ እንኳ በ2008 እንደገና የተነቀሉ አሉ። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ በ1991 ብዊንዲና ምጋሂንጋ የጎሪላ ፓርክ ሲሆኑ ባትዋዎች ከጫካቸው ወጡ። በ2024 የውጭ አገር ሰው አንድ ሰዓት ጎሪላ ለማየት የሚከፍለው 800 ዶላር ሆነ፤ ባትዋው ግን ለብዙ ዘመን በሰው ማሳ ዳር ነው የኖረው። በ2021 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ካሣ እንደሚገባቸው ፈርዷል። ፍርድና እንጀራ አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም ተከራክረው ስማቸውን በመዝገብ አስገብተዋል። የግጭ ሰው እስከዚህ እንኳ አልደረሰም።

አንድ ከባድ መከራከሪያ ይቀራል፤ ልንሸሸው አንወድም። ተራራ ይገድላል። በ2010 መጋቢት ወር መጀመሪያ በቡዱዳ ናሜትሲ መንደር በናዳ ሥር ገባች። በ2018 እንደገና ቡዱዳ፣ በ2024 ኅዳር ቡላምቡሊ። በዚያው በ2024 ክረምት በአገራችን በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ይነሣ ቢባል ተቃዋሚ አይደለንም። ነገር ግን ከናዳ ማዳን ሌላ፣ ለመልክዓ ምድር ውበት ማስለቀቅ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረብ የክፉ ተከራካሪ ዘዴ ነው። ከዚህም በላይ፣ ለማዳን ሲነሣ እንኳ እንዴት እንደሚነሣ ልብ በሉ። ከናሜትሲ የተረፉት ወደ ኪርያንዶንጎ ተወሰዱ። በኪርያንዶንጎ መጠለያ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። የተራራ ሰው ሜዳ ላይ ተጥሎ፣ ቡናውንና ሙዙን ትቶ፣ ሌላ ቋንቋ በሚነገርበት አገር። ከእነሱ መካከል ናዳውን እያወቁ ወደ ተራራቸው የተመለሱ አሉ። ሞኞች ናቸው? የሚመለሱበት ካለን እኛስ እዚህ እንውል ነበር?

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። የኡጋንዳ መንግሥት በመጠለያ ለሰፈረ ስደተኛ የሚያርሰው ቁራጭ መሬት ይሰጣል። ቁራጯ ከዓመት ዓመት እያነሰች ብትሄድም፣ ይህ ብዙ አገር ያላደረገው ቸርነት ነው፤ ምስጋናችን የታወቀ ነው። ናኪቫሌ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስደተኛ ሲቀበል ኖሯል። ነገር ግን የቆምንበት መሬት «ባዶ ነበር» ተብሎ ሲነገረን ወዲያው አንመን። ከብቱን ያሰማራበት ሰው ነበረ፤ ውኃ የቀዳችበት ሴት ነበረች። አንዳንዶቻችን ከአገሬው ጋር በወሰን በተጣላን ቁጥር «ይህ የስደተኛ መሬት ነው» እያልን ወረቀት እናወጣለን። ግጭን ያስነሣውም ወረቀት ነበር። ከአገሬው ጋር በእህልና በውኃ፣ በለቅሶና በሠርግ እንስማማ እንጂ በካርታ አንርታው።

ስለዚህ ተራራው እፎይ አለ ለምትሉን ወንድሞች ጥያቄያችን አጭር ነው፦ የእናንተ ቀዬ ፊልም ቢነሣና ሰው ባይታይበት፣ ያ ውበት ይሆንላችኋል? ከመካከላችሁ ከሰቆጣ፣ ከላስታ፣ ከጋይንት፣ ከጋሞ ደጋ የመጣችሁ አላችሁ። ያ ሸለቆ ስም አለው፤ ምንጩ ስም አለው፤ ማሳው ሁሉ፣ ድንጋዩ ሳይቀር ስም አለው። ፓርክ ሲሆን ከስሞቹ ካርታ ላይ የሚቀሩት ቱሪስት የሚቆምባቸው ሦስት አራቱ ናቸው። ሌላው ስም ያለው በተነሣው ሰው አፍ ብቻ ነው፤ እሱም እያረጀ ነው።

በሚቀጥለው እትም ስድስት ገጽ ባዶ እንተዋለን። ከደጋም ከቆላም የመጣችሁ ሁሉ የሸለቋችሁን ስም፣ የምንጩንና የማሳውን፣ የአጎራባች መንደሮቹን፣ ማን ከማን ጋር ምን ይለዋወጥ እንደነበር፣ ግጦሹ መቼ ተዘግቶ መቼ ይከፈት እንደነበር ጻፉና ላኩልን። መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ለልጅ ይንገሩ፣ ልጁ ይጻፍ። የሰው ስም አያስፈልግም፤ የቦታ ስም ይበቃል። በወንድሞቻችን ሐሳብ የምትስማሙም መልሳችሁን ላኩ፤ ሳንቆርጥ እናወጣዋለን። ወረቀት ላጠረው ወረቀቱን ለሚያዞሩት ልጆች ይንገር፤ ከካምፓላ ደብተር ልከናል።